ዓይኑን የሰበረ ሁሉ ውሸታም አይደለም

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ሙቀቱ ጋብ እስኪል ዛፍ ጥላ ስር ተቀምጠን የእህቴን ልጅ ስልክ እየተቀባበልን የምንጫወተው አንድ አስቂኝ የእንቆቅልሽ ጌም አለ። ተጫዋቹ የሚያዘው ዓይንን ብቻ ነው። ሊፍት ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲቆሙ፣ ስሙ የጠፋብዎት ሰው ሲያወራዎት፣ መቼ ማየት፣ መቼ ዞር ማለት እንዳለብዎት ይፈታሉ። እየሳቅን በመሃል የምንሰነዝረው ፍርድ ግን አሳሰበኝ።

«ዓይንህን የማያይህ እየዋሸህ ነው»

ይህን የሚያምነው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ 75 አገሮችን ያካለለ ጥናት ስለ ውሸታም በብዛት የተሰጠው መልስ ይኸው መሆኑን አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ2003 ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቤላ ዴፓውሎና ባልደረቦቿ የነበሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ዓይን መሸሽ አስተማማኝ የውሸት ምልክት ሆኖ አልተገኘም። ለመዋሸት የተዘጋጀ ሰው እንዲያውም ዓይን ዓይንህን ሊያይህ ይችላል፤ የምትጠብቀውን ያውቃላ!

ባለፈው ቤት ውስጥ ብርጭቆ ተሰብሮ የእህቴን ልጅ ስጠይቀው፣ በአውራ ጣቱ ምንጣፉን እየቧጠጠ መሬት መሬቱን አየ። ተቆጣሁት። የሰበረችው ታናሽ እህቱ ነበረች። እሱ የጨነቀው በእሷ ላይ ላለመናገር ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

«የማያየኝ ንቆኝ ነው»

ሰው ከባድ ጥያቄ ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያየው እንዲያስብ ስለሚረዳው ነው፤ ፊት ማየት በራሱ ሐሳብ ይሻማል። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ሰዎች ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብዳቸዋል። ልጅን አገጩን ይዞ «እየኝ!» ማለት ቢቀር እወዳለሁ።

«ሽማግሌ ፊት ዓይን መስበር ፍርሃት ነው»

አክብሮት ነው። ያሳደጉን ያውቁታል።

«ፍጥጥ ብሎ ማየት በራስ መተማመን ነው»

እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ በተሠራ ጥናት ሰዎች የተመቻቸው የመተያያ ጊዜ በአማካይ 3.3 ሰከንድ ያህል ነበር። ከልክ በላይ የሚያፈጠውንማ አማርኛችን ዓይነ ደረቅ ብሎታል።

«እንዲህ ያለ ጭንቅ ያለው ጌም ላይ ነው»

ሐረር ጀጎል ውስጥ መገራ ወገራ የሚባለውን መንገድ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲገናኝ ጀርባን ከግድግዳ አጣብቆ፣ ፊት ለፊት ሆኖ ነው የሚተላለፈው። የተኳረፉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ አያልፉም ይባላል፤ የዕርቅ መንገድ የሚሉትም ለዚህ ነው። ልጁን ወስጄ ሳሳየው ግድግዳውን በሁለት እጁ እየለካ «መጀመሪያ ዓይኑን የሚያዞረው ማነው?» አለኝ።

«ማንም አያዞርም፤ ሰላም ይባባላሉ» አልኩት።