«አመመህ እንዴ?»፦ ስለ ቅዱስ ቁርባን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው የፍልሰታ ጾም የአክስቴ ልጅ ሊቆርብ ወሰነ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጤነኛ ነው፤ ሥራ አለው፤ ቅዳሜ ማታ ኳስ አያመልጠውም። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ጫማውን እያወለቀ አጠገቡ የነበሩትን እናት «እማማ፣ ወንድ ቆራቢዎች በየት በኩል ነው የሚቆሙት?» ብሎ ጠየቃቸው። ከላይ እስከ ታች አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አሉት። ደህና መሆኑን ሲነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ልታገባ ነዋ! እሰይ!»

ሲነግረን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግን እናትየው ይህን ከየት አመጡት? ከሚያዩት ነዋ። በእኛ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያዎች እሁድ ጠዋት ቅጥሩ ጢም ይላል። ሥጋ ወደሙ (ቁርባኑ) ሊሰጥ ሲል ግን ወደፊት የሚወጡት ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ አልፎ አልፎም ሙሽሮች ናቸው። ሌላው ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ያያል። ለምን እንደማይቆርብ ብትጠይቁት የሚሰጣችሁ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችው ነው። እስቲ እኔ ራሴ ስላቸው የኖርኩትን ጨምሬ አንዳንዶቹን ላንሳ።

«ስሸመግል እቆርባለሁ»

ይሄ የሁሉም አባት ነው። ቁርባን የጡረታ ጉዳይ የሆነ ይመስል «ልጆቼን ላሳድግና»፣ «ነገሬን ልጨርስና» እንላለን።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያው ዕለት ደግሞ ይቆርባሉ። አይታችሁ ከሆነ፣ ሕፃኑ አንገቱ ላይ አዲስ ማዕተብ ታስሮለት፣ ከውኃው የተነሳ ጸጉሩ ገና ሳይደርቅ፣ እናቱ አገጩን በጣቷ ዝቅ ታደርግለታለች። አንዳንዱ ያለቅሳል። አንዳንዱ ደግሞ ጡት የመጣለት መስሎት ከንፈሩን ያሾላል። ምን ሠርቶ ነው የተገባው? ምንም። ወተት እንደሚሰጠው ሁሉ ይህም የተሰጠው ሊኖር ስለሚገባው ነው።

ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ሲናገር ቃሉ የምግብ ቃል ነው። የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም ይላል። ሥጋዬ እውነተኛ መብል ነው፣ ደሜም እውነተኛ መጠጥ ነው ይላል። የአንጾኪያው አግናጥዮስ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ለሰማዕትነት ወደ ሮም ሲወሰድ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ይህን እንጀራ የማይሞትበት መድኃኒት ብሎ ጠራው። ምሳውን ለሰባ ዓመቱ የሚያቆይ ሰው እስካሁን አላየሁም።

«ገና ንጹሕ አይደለሁም» እና «ቆርቤ ብሳሳትስ?»

ሰው ቁርባንን ወደ እርጅና የሚገፋው ሰንፎ ብቻ አይደለም። ፈርቶም ነው። «ወጣትነት ይፈትናል፤ ቆርቤ ከወደቅሁ አለቀልኝ» ይላል። ስለዚህ ፈተናው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ፈተናው አልፎ አያውቅም።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ሳይገባው የሚበላ ፍርድ እንደሚያመጣበት ጽፏል። ግን ይህን ስንጠቅስ ከፊቱ ያለውን ቁጥር እንዘለዋለን። ሰው ራሱን ይፈትን ካለ በኋላ ቀጥሎ የሚለው ይብላ፣ ይጠጣ ነው። «ይቅርበት» አላለም። ከንስሐ አባት ጋር ቁጭ ብሎ መናዘዝ፣ ቀኖና (የንስሐ ሥራ) መቀበል፣ የበደሉትን መካስ፣ የተጣሉትን መታረቅ፣ ዝግጅቱ ይሄ ነው። ቆርቦ የወደቀ ሰውም መንገዱ ያው ነው፤ ተመልሶ ንስሐ ይገባል። የታመመ ሰው «መጀመሪያ ልዳንና ሐኪም ጋ እሄዳለሁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ቅዳሴው ራሱ ይህን በሁለት መስመር ጨርሶታል። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ይላል፤ የተቀደሰው ለተቀደሱት ነው ማለት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ ጋ ሁሌ አንገቴን እደፋ ነበር። ሕዝቡ የሚመልሰውን ያስተዋልኩት ግን በጣም ቆይቼ ነው፦ «አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ»። ቅዱሳን ይቅረቡ ሲባል ማንም «አለሁ» አይልም። ሁሉም ቅዱስ አንድ እግዚአብሔር ነው ይልና ከዚያ በኋላ ይቀርባል።

«ያው ምሳሌ ነው» ወይም «ታዲያ የሰው ሥጋ መብላት አይሆንም?»

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ መንትዮች ናቸው። አንዱ ቃሉ ከብዶት ያቀለዋል፤ ሌላው ቃሉን ሥጋ ቤት ያስገባዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ያኔ በቅፍርናሆም የሰሙትም «እንዴት ሥጋውን ልንበላ ይሰጠን ዘንድ ይችላል?» ብለው ተከራከሩ፤ ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ትተውት ሄዱ። ሮማውያን ደግሞ ክርስቲያኖች ተደብቀው ሰው ይበላሉ የሚል ወሬ ነበራቸው። በ112 ዓ.ም. አካባቢ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የቢታንያ (በኢየሩሳሌም አጠገብ ያለችው ሳትሆን በዛሬዋ ቱርክ የነበረችው ግዛት) ገዥ የነበረው ፕሊኒ ጉዳዩን መርምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ሲጽፍ፣ የሚበሉት ተራና ጉዳት የሌለው ምግብ መሆኑን ገለጸ። ወሬው ግን አልሞተም። በ177 በዛሬዋ ፈረንሳይ በሊዮን በተነሳው ስደት ቢብሊስ የምትባል ሴት ሥቃይ ሲጸናባት ክርስቶስን ክዳ ነበር። እንደገና እያሠቃዩ «ሕፃናት ትበላላችሁ በይ» ሲሏት ግን ነቃች። የእንስሳ ደም እንኳ መብላት ያልተፈቀደላቸው ሰዎች እንዴት ሕፃን ይበላሉ ብላ መለሰችላቸው፤ ክርስቲያን መሆኗንም መስክራ ከሰማዕታቱ ጋር ተቆጠረች። እኛ ለዘመናት የሞተና የታነቀ እንዲሁም ደም ላለመብላት የምንጠነቀቅ ሰዎች መልሷ ሳይገባን አይቀርም።

ታዲያ ተዋሕዶ ምን ትላለች? ኅብስቱና ወይኑ በጸሎተ ቅዳሴው በመንፈስ ቅዱስ ይለወጣሉ፤ የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናሉ። ይህ ሥጋ መለኮት የተዋሐደው፣ ከሞት የተነሣው ሥጋ ነው። ሕይወት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። እንደ በግ ሥጋ ተቆርጦ የሚጎድል ነገር አይደለም። ለዓይንና ለምላስ ኅብስትና ወይን ሆኖ ይቆያል። ቅዱስ ቄርሎስ ዘእስክንድርያ ውጤቱን በሰም መስሎታል፦ ሁለት ሰም አቅልጠህ ብታዋሕዳቸው የትኛው የትኛው እንደነበረ አትለየውም። የሚቆርብ ሰውም በክርስቶስ፣ ክርስቶስም በእርሱ ይኖራል።

እንዲህ የሚባልለት ኅብስት የሚነሳው ከተራ ነገር ነው። ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ቤተልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች። ዲያቆኑ እዚያ የስንዴ ዱቄት ያቦካል፤ እርሾ አለው። ላዩ ላይ መስቀል ታትሞበት በዕለቱ ይጋገራል። ወይኑ ደግሞ ዘቢብ ነው። ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ይጠራል። «ቁርባን ላይ አልኮል አለ ወይ?» ለሚሉኝ ጓደኞቼ መልሱ ይሄው። ሲቀርብ ሥጋውን ካህኑ በእጁ ያቀብላል፤ ደሙን ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል፣ ማለትም መስቀል ባለው ማንኪያ ይሰጣል። ለነገ ተብሎ የሚቀመጥ የለም።

«ምሳሌ ነው» ስለሚለውም አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ብዙዎቻችን ፕሮቴስታንት ሁሉ የጌታን እራት እንደ መታሰቢያ ብቻ ያያል ብለን እናስባለን። በ1529 በጀርመን በማርቡርግ ከተማ የፕሮቴስታንት መሪዎቹ ሉተርና የስዊሱ ዝዊንግሊ የተጣሉት በዚሁ ነው። ሉተር ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በላቲን ጻፈና ወይ ፍንክች አለ። መካነ ኢየሱስ ሥሯ ከዚህ ከሉተር ወገን ነው። ሌላው የፕሮቴስታንት መሪ ካልቪን ደግሞ ምእመኑ በመንፈስ ቅዱስ አማካይነት በእውነት ክርስቶስን ይመገባል ይል ነበር። ልዩነቱ ከእኛ ጋር ትልቅ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ግን ልክ አይደለም።

«መክፈልት በላሁ፤ ጠበል ጠጣሁ፤ ያው ነው»

ያው አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ የሚታደለው መክፈልት የተባረከ እንጀራ ነው። ጠበልም የተባረከ ውኃ ነው። ሁለቱም በረከት ናቸው፤ ሥጋ ወደሙ ግን አይደሉም። በተለይ ልጆች ይህን ያምታታሉ፤ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ቢነገራቸው ይበቃል።

«ቁርባን ማለት ጋብቻ ነው»

ለዚህ ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። «ቆርበው ነው የተጋቡት» ስንል ኖረን ቃሉ የሠርግ ዓይነት ስም ሆነ። እውነቱ ሲነገር ተክሊሉ የጋብቻ ሥርዓት ነው፤ ሙሽሮቹ በዚያው ቀን አብረው ይቆርባሉ። ቁርባኑ አዲሱ ቤት የሚመሠረትበት ምግብ ነው እንጂ የውል ማኅተም ብቻ አይደለም።

የሚያሳዝነኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ሙሽሮቹ ካባቸውን ያወልቃሉ፣ ፎቶው ይታተማል፣ ዓመት ያልፋል። ከዚያ ልጅ ይወለድና 40 ወይም 80 ቀኑ ይደርሳል። አባትና እናት ልጃቸውን ይዘው ይቀርባሉ፤ ሕፃኑ ይቆርባል፤ እነሱ አፋቸውን ዘግተው ይመለሳሉ። ምግቡን ልጃቸው በላ፤ እነሱ ተሸካሚ ሆኑ።

«18 ሰዓት ከጾምኩ ዝግጁ ነኝ»

ሥርዓቱ አለ። እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም አይቀምስም። ባለትዳሮች ከመቁረባቸው በፊት ሦስት ቀን፣ ከቆረቡ በኋላም ሁለት ቀን ከሩካቤ (ከግብረ ሥጋ ግንኙነት) ይታቀባሉ። ሆኖም ሰዓቱን በስልኩ እየቆጠረ ከወንድሙ ጋር ሰላምታ ያቆመ ሰው ዝግጁ ነው አይባልም። ቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ በቅዱስ አሳሳም እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ የሚለው ለወጉ አይደለም።

ሌላው በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ነገር ነው። አንዳንዱ ለመቁረብ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል፤ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒት ስላለበት እስከ መጨረሻው ይቀራል። ሁለቱም ትክክል አይደለም። ሐኪምንም የንስሐ አባትንም ሳያማክሩ የሚወሰን ነገር አይደለም። ጡት የሚጠባ ሕፃን 18 ሰዓት ጹም አይባልም፤ ቤተ ክርስቲያን ሰው ስትመግብ አቅሙን ታያለች።

«ከቆረብክ በኋላ እንዲህ አታድርግ፣ እንዲያ አታድርግ»

ዝርዝሩ እንደየሰፈሩ ይረዝማል። አትሳቅ፣ አትታጠብ፣ እሾህ እንዳይወጋህ። የብዙዎቹ መነሻ ለተቀበሉት ነገር የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። አፍን በነጠላ መሸፈን፣ ውኃ መጠጣት፣ ምራቅ አለመትፋት ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ይገባሉም። ጥንቃቄው ሰውን አስደንግጦ ከቁርባን ካራቀው ግን ዓላማውን ስቷል።

የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ቤት ሲመጣ እናቱ አልጋ አንጥፋ፣ ስልኩን ቀምታ፣ «ዛሬ ማንም እንዳያናግረው» ብላ በሩን ዘጋችበት። እስከ ማታ ተኛ። አሁን ለገና እንደገና ሊቆርብ አስቧል። እናቱ ግን «በፍልሰታ ቆርበህ የለ እንዴ? ደግሞ ምን ሆንክ?» እያለች ነው።