የሕገ መንግሥትና የዜግነት ትምህርት በሰሜን ሸዋ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ይህ ዳሰሳ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰጠውን የሕገ መንግሥት መርሖዎችና የዜግነት እሴቶች ትምህርት ይመለከታል፤ መቀመጫው ፍቼ የሆነውን የኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ዞን አያካትትም።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ግብረ ገብ፣ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ይሰጥ ነበር።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጥቶ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ በኋላ የመጣው ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በ11 እሴቶች ተዋቀረ፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ሀገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ ተሳትፎና እውቀትን መሻት። ትምህርቱ የገዥው ፓርቲ አስተሳሰብ ማስረጫ ነበር የሚለው ትችት ምናልባት በከፊል ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል፤ የዞኑን መምህራን ትጋት ግን የሚያስተባብል አይደለም። ከነዚህም ብዙዎቹን ያፈራው አንጋፋው የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ግብረ ገብ፣ ከ7ኛ ጀምሮ ደግሞ የዜግነት ትምህርት ይሰጣል። ከዚያው ዓመት ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን ሥራ አስተጓጉሏል።

የትምህርቱ እምብርት በሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 8 እስከ 12 የሰፈሩት አምስት መርሖዎች ናቸው፦ የሕዝብ ሉዓላዊነት፣ የሕገ መንግሥት የበላይነት፣ የሰብዓዊና ዴሞክራሲያዊ መብቶች አለመደፈር፣ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት፣ የመንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት። ሉዓላዊነትን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የሚሰጠው አንቀጽ 8 እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለታዳጊዎች ይበልጥ የሚቀርበው አንቀጽ 36 ነው፤ ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ስለሚደነግግ፣ አርጩሜ ከክፍል ባልጠፋበት ሁሉ አስተማሪውንም ተማሪ ያደርገዋል።

ተጠያቂነትን ለማስረዳት እድር ከመጽሐፉ ምሳሌዎች ይሻላል፤ መተዳደሪያ ደንብ፣ በአባላት የሚመረጥ ዳኛና በጉባኤ ፊት የሚቀርብ ሒሳብ አለውና። ሽምግልና ግን ሲጠቀስ ጥንቃቄ ይሻል፦ በአንቀጽ 34 መሠረት የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኙ የሚችሉት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ስለሆነም አንዲት ተማሪ ቤተሰቧ ለሽማግሌ ቃል ስለሰጠ ብቻ ያለ ፈቃዷ ልትዳር አትችልም።