የቤት ውስጥ ቀረጻ መሣሪያ፦ በአነስተኛ ገንዘብ እንዴት ይመረጣል?

ዘፈን ለመቅረጽ ስቱዲዮ መከራየት ግዴታ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ክፍያው በሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲነጉድ ድምፃዊው ይጨነቃል፤ የተጨነቀ ጉሮሮ ደግሞ ቀረጻው ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ዛሬ ያው ሰው መኝታ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንዷን ስንኝ እስክትወጣለት ድረስ ሃያ ጊዜ ሊደጋግማት ይችላል። ለእኔ የቤት ቀረጻ ትልቁ ጸጋ ይሄ የጊዜ ነፃነት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ማይክራፎን፣ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን)፣ መቅረጫ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር፣ ሄድፎን፣ የማይክ ስታንድና ገመድ ይበቃሉ። ርካሽ የሚባሉት ዕቃዎች ጥራት ባለፉት ዓመታት በጣም ተሻሽሏል። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚከስረው ቅደም ተከተሉን ሲስት ነው፤ ውድ ማይክ ይገዛና ባዶ ክፍል መሐል ይተክለዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከካሴት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1979 የጃፓኑ ታስካም ፖርታስቱዲዮ 144 የተባለ መሣሪያ አወጣ። በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ፣ ማለትም አራት የድምፅ መስመር፣ ለየብቻ መቅዳት የቻለ የመጀመሪያው መሣሪያ ነበር። አንድ ሰው ጊታሩን ይቀርጻል፣ ካሴቱን መልሶ እያዳመጠ በላዩ ይዘፍናል፣ ከዚያ ቤዝ ይጨምራል። በ1983 ኪቦርዶችና የከበሮ ማሽኖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለ የጋራ ቋንቋ መጣ። በ1992 አሌሲስ በቪዲዮ ካሴት ላይ ስምንት ዲጂታል ትራክ የሚቀዳውን አዳት ለገበያ አቀረበ። በ1996 ደግሞ ስታይንበርግ ቪኤስቲ የተባለውን አሠራር ይፋ አደረገ፤ በዚህ መንገድ እንደ ሣጥን ተደርድረው የነበሩት የድምፅ ማሣመሪያዎች ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ተለወጡ። ከዚያ በኋላ ቀሪው የዋጋ መውረድ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። እኔ የምጀምረው ከማይክ አይደለም፤ ከክፍሉ ነው።

ክፍሉ መሐል ቆሞ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ማጨብጨብ ብዙ ይናገራል። ከጭብጨባው ኋላ «ትርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ድምፁ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው። ማይክ ይህንን ሁሉ ይሰበስባል። የዘፋኙን ድምፅ አንዴ በቀጥታ ይሰማዋል፤ ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ ደግሞ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ተመልሶ ደግሞ ደጋግሞ ይሰማዋል። «መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል» የሚባለው ቀረጻ ችግሩ ይሄ ነው። አንዴ ከተቀዳ ደግሞ በሶፍትዌር ማውጣት በጣም ያስቸግራል።

ብዙ ሰው ለዚህ ቶሎ የሚገዛው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ ነው። እኔ አልመክረውም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 100 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር አካባቢ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ደህና አድርጎ የሚውጠው ሞገዱ አጭር የሆነውን ቀጭን ድምፅ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፣ ወፍራሙ እንዳለ ይቀራል፤ ክፍሉ የታፈነና የሚያጉረመርም ይሆናል። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ በልብስ የታጨቀ ቁም ሣጥን፣ መጽሐፍ የሞላው መደርደሪያ ከዚህ የተሻለ ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም ቤት ውስጥ አሉ። ብርድ ልብሱ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ቢሰቀል ደግሞ ይበልጥ ይውጣል። የሚሰቀለው ከዘፋኙ ጀርባ ነው። ማይኩ የሚያየው ወደ ዘፋኙ ስለሆነ ከዘፋኙ ኋላ ያለው ግድግዳ የሚመልሰው ድምፅ በቀጥታ ማይኩ ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ይህ ሁሉ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ወይም የመኪና ድምፅ አያግድም። ለእሱ መፍትሔው ጸጥ ያለ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ርቀት ነው፤ እሱም ነፃ ነው። ከማይኩ ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ የዘፋኙ ቀጥተኛ ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፣ የክፍሉ ድምፅ ግን ባለበት ይቆያል። ለዘፈን አንድ ስንዝር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጣም ሲጠጉ አብዛኞቹ ማይኮች ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናሉ፤ «ፕ» እና «ብ» ሲባልም ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። ለትንፋሹ ፖፕ ፊልተር የሚባለው ማይኩ ፊት የሚቆም ስስ መከለያ ይበቃል። ርካሽ ነው፣ እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም።

ማይኩን በሁለት ትልልቅ ጎራ ከፍሎ ማየት ይቻላል፤ ዳይናሚክና ኮንደንሰር። ዳይናሚኩ ጠንካራ ነው። ወድቆ ይነሣል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ጩኸት አያስደነግጠውም። ሹር የተባለው ኩባንያ ማይኮች ኤስኤም57 ከ1965፣ ኤስኤም58 ከ1966 ጀምሮ ገበያ ላይ አሉ፤ እስከ ዛሬም አልወረዱም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ከሊንደን ጆንሰን ጀምሮ ንግግር ሲያደርጉ ፊት ለፊታቸው የሚታየው ኤስኤም57 ነው። ያው ማይክ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታር አምፕሊፋየርና ስኔር ከበሮ ላይ ይደገናል። በአነስተኛ ገንዘብ ከዚህ በላይ ሁለገብ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል።

ኮንደንሰሩ ስሜቱ ስስ ነው። የጊታር ክር ላይ ጥፍር ሲነካ፣ ዘፋኝ ትንፋሹን ሲስብ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ የራሱ የውስጥ ጫጫታ ምን ያህል እንደሆነ ማየት ይገባል። ይህ ቁጥር ዝርዝር መረጃው ላይ ይጻፋል፤ ሲያንስ የተሻለ ነው። ለምሳሌ የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 20 ዴሲቤል ሲሆን የሮድ ኤንቲ1 4.5 ነው። ልዩነቱ ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰው አይታወቅም፤ ለስለስ ያለ ጊታር ለሚቀርጽ ግን ይታወቃል።

«ዳይናሚክ የክፍሉን ድምፅ አያስገባም» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። ዳይናሚክ ማይክ ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ ተጠግቶ ነው የሚሠራው፤ ክፍሉን የሚቀንሰው በዋናነት ያ መጠጋት ነው። ያም ሆኖ ክፍሉ ጫጫታ ላለበት፣ ለሚያስተጋባበትና ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰው እኔ ዳይናሚኩን እመክራለሁ። ጸጥ ያለ ክፍል ላለውና ለስላሳ ነገር ለሚሠራ ኮንደንሰሩ ይሻላል። በዩኤስቢ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ማይክ ደግሞ ለብቻው ለሚዘፍን ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ሁለት የዩኤስቢ ማይኮችን በአንድ ጊዜ ማሠራት ጣጣ አለው፤ ነገ ኢንተርፌስ ሲገዛም አብሮት አይሄድም።

ኮንደንሰር ከዳይናሚኩ በተለየ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህ ፋንተም ፓወር ይባላል፤ 48 ቮልት ሆኖ በራሱ በማይኩ ገመድ በኩል ይሄዳል። ቁጥሩ የመጣው ከኖርዌይ ነው። በ1966 የጀርመኑ ማይክ ሠሪ ኖይማን ለኖርዌይ ብሔራዊ ስርጭት አዲስ ማይኮች ሲያቀርብ ስቱዲዮዎቹ ውስጥ ለመጠባበቂያ መብራት የተዘረጋ 48 ቮልት ስለነበረ እሱን ተጠቀሙበት። ዛሬ ኢንተርፌስ ሁሉ ላይ «48» የሚል ቁልፍ የምናየው ለዚህ ነው።

ኢንተርፌሱ የማይኩን ድምፅ አጉልቶ ወደ ዲጂታል የሚቀይረው ሣጥን ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ሁለት መግቢያ ያለው በቂ ነው። የማይክ መሰኪያ፣ 48 ቮልትና ኤሌክትሪክ ጊታር በቀጥታ የሚሰካበት መግቢያ ሊኖረው ይገባል። ከ2011 ጀምሮ የወጡት የፎከስራይት ስካርሌት ሣጥኖች በዚህ ደረጃ በብዙ ቤት ይታያሉ፤ ሌሎችም ጥሩ ጥሩ አሉ። ማይኩና ኢንተርፌሱ መጣጣማቸው ግን መታየት አለበት። ለምሳሌ ሰው ሁሉ የሚመኘው የሹር ኤስኤም7ቢ ማይክ ድምፁ ደካማ ስለሆነ ቢያንስ 60 ዴሲቤል ጌይን (ድምፅ ማጉላት) ይፈልጋል። ይህን የማይሰጥ ሣጥን ላይ ከተሰካ ወይ ድምፁ ያንሳል ወይ ሹሹታው ይጨምራል።

የሚገርመው፣ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 192 ኪሎ ሄርዝ (ድምፁ በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ እየተለካ መቀዳቱ) ለብዙ ሙዚቀኛ አያስፈልግም። በ24 ቢት (እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት ዝርዝርነት) እና በ48 ኪሎ ሄርዝ መቅረጽ ይበቃል፤ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። በ24 ቢት ሲቀረጽ ድምፁን እስከ ጫፍ መግፋትም አያስፈልግም። ከፍተኛው ከዜሮ (ድምፁ ከሚሰነጠቅበት ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዘፋኙ ድንገት ከፍ ሲል አይሰነጠቅም።

መዘግየት ሌላው ራስ ምታት ነው። ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ሄድፎኑ ውስጥ ዘግይቶ ሲሰማ ምቱ ይጠፋበታል። በ48 ኪሎ ሄርዝ ባፈሩ (ኮምፒውተሩ አንዴ ሰብስቦ የሚያስኬደው የልኬት ብዛት) 128 ሲሆን በአንድ አቅጣጫ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ ከነሌላው ተደምሮም ለብዙ ሰው ይቻላል። ኮምፒውተሩ ደካማ ከሆነ ግን ባፈሩን ዝቅ ማድረግ አይችልም። ለዚህ ነው ኢንተርፌሱ ድምፁን በኮምፒውተር ሳያዞር በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚመልስበት ቁልፍ እንዲኖረው የምፈልገው። ያረጀ ላፕቶፕም እንዲህ ሲሆን ይሠራል።

ሶፍትዌሩ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስቸኩልም። ኦዳሲቲ ከ2000 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ጋራጅባንድ ለማክ ተጠቃሚ ነፃ ነው። ሪፐር 60 ቀን ያለ ክፍያ ያስሞክራል፤ ዋጋውም ለግለሰብ ትንሽ ነው።

ሄድፎን ሲገዛ ለቀረጻ ዝግ የሆነው ይመረጣል፤ ክፍት ከሆነ የሚደመጠው ሙዚቃ ወጥቶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። የሶኒ ኤምዲአር-7506 ከ1991 ጀምሮ በስቱዲዮና በስርጭት ቤቶች እያገለገለ ያለ ነው። ሞኒተር ስፒከር (ቀረጻን ለመመዘን የሚሠራ ስፒከር) ግን ይቆይ። ክፍሉ ካልተስተካከለ ስፒከሩ የሚናገረው ስለ ክፍሉ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ እዚህ ይበዛል፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ይጠፋል። በጥሩ ሄድፎን ቀላቅሎ ውጤቱን በስልክ፣ በመኪናና በትንሽ ስፒከር ማዳመጥ ያዋጣል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው፤ ግን እንደ ዕቃው ዓይነት ነው። ዳይናሚክ ማይክ አሥር ዓመት ቢሠራም ብዙም አይለወጥም። ጭንቀቱ ፎርጂድ መሆኑ ላይ ነው፤ ኤስኤም58 በብዛት ይመሰላል፣ ከመደበኛው ዋጋ በጣም ሲወርድ መጠራጠር ነው። ኮንደንሰር እርጥበት ያስቸግረዋል፣ የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ይገባል። ያገለገለ ኢንተርፌስ ላይ ደግሞ ሾፌር ፕሮግራሙ (ኮምፒውተሩ ሣጥኑን የሚያዝበት) አሁን ባለው ኮምፒውተር ላይ መሥራቱን ማረጋገጥ የግድ ነው፤ ሣጥኑ ደህና ሆኖ ፕሮግራሙ ስለተቋረጠ ብቻ ዋጋ ቢስ የሆነ ብዙ አለ። ገመድ በአዲሱ ይገዛ። ማንኛውንም ያገለገለ ማይክ ከመቀበል በፊት ሰክቶ፣ ጌይኑን ከፍ አድርጎ፣ ማንም ሳይናገር ሠላሳ ሰከንድ ጸጥታ መቅረጽ ነው። ከዚያ ገመዱን ቀስ እያሉ እየነቀነቁ በሄድፎን ማዳመጥ። የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚያፏጭ ነገር ካለ እዚያው ይሰማል።