የናፍጣ ሞተር ታይሚንግ ምንድን ነው? ደግሞስ ለምን ሁሉ ነገር በሱ ይላከካል?

መኪናው ጉልበት አጣ። ጋራዥ ገባ። ካቢናው ገና ሳይነሳ "ታይሚንጉ ነው" ተባለ። ከባድ መኪና የነዳ ሰው ይችን ነገር ሳይሰማ አልቀረም። እኔም ሰምቻታለሁ፣ ከፍዬባታለሁም። ስለዚህ ታይሚንግ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ፣ ከዚያም በላይ መቼ እሱ እንዳልሆነ እንጨዋወት።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ፣ ማለትም እሳት የሚለኩስ ብልጭታ ሰጪ፣ የለውም። ፒስቶኑ አየሩን ብቻውን አፍኖ ይጨምቀዋል። 17 እጥፍ አካባቢ ሲጨመቅ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። ናፍጣው እዚያ ውስጥ ሲረጭ ማንም ሳይለኩሰው ይቀጣጠላል። ታይሚንግ ማለት እንግዲህ ናፍጣው የሚረጭበት ጊዜ ነው። የሚለካው ግን ሞተሩ በሚዞርበት ዲግሪ ነው (የሙቀት አይደለም)፤ ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ ስንት ዲግሪ ሲቀረው መረጨት ጀመረ ነው ጥያቄው።

ለምን ቀድሞ ይረጫል? ናፍጣ እንደገባ ወዲያው አይነድማ። መጀመሪያ መትነን አለበት፣ ከአየሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ይሄ ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ጊዜ ነው፤ ግን ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር ኮሎዶካው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) በአንድ ሺኛ ሰከንድ ብቻ 12 ዲግሪ ይጓዛል። በጣም ከቀደመ ፒስቶኑ ገና እየወጣ እሳቱ አናቱን ይለዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ እንደ ቀጥቃጭ ቤት ይጮሃል፣ ውሎ አድሮም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መሀል ያለውን ማሸጊያ) ይበላል። ከዘገየ ደግሞ ጠዋት ነጭ ጭስ ይበዛል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ናፍጣ ይጨርሳል፣ ፒስቶኑን መግፋት የነበረበት እሳት ወደ ማርሚታ (ጭስ መውጫው) እየሄደ ቱርቦውን ያግላል።

አስተካካዩስ ምን ያደርጋል? መንገዳችንን የሞላውን ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ እንውሰድ፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገፋ ሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራውን። ስድስት ሲሊንደር ነው፣ የሚቀጣጠሉበት ተራ 1-5-3-6-2-4። ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር ፓምፑ አንዴ ይዞራል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ቮላኖው (ከኮሎዶካው ጫፍ የታሰረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ ያለው ምልክት ሲገጥም 1ኛውም 6ኛውም ፒስቶን እኩል ላይ ናቸው። የትኛው አየር ጨምቆ እንደወጣ የሚነግሩህ ቫልቮቹ፣ የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮቹ፣ ናቸው። የ1ኛው ሁለቱም ልል ከሆኑ ትክክል ነህ። እነሱ ተጭነው የ6ኛው ልል ከሆኑ ግን አንድ ሙሉ ዙር ስተሃል፤ ፓምፑ እንዲያ ከታሰረ ሞተሪኖ (ማስነሻው) እስኪቃጠል ብታስነሳው አይነሳም።

ከዚያ ፓምፑ ላይ የ1ኛውን ቱቦ ትፈታለህ። አፉ ላይ ናፍጣ ሞልቶ ይቆማል። ሞተሩን በእጅ፣ በጣም በዝግታ ታዞራለህ፣ ዓይንህን ከዚያች ናፍጣ ሳትነቅል። እንደ እንባ ንቅንቅ ያለችባት ቅጽበት ፓምፑ መግፋት የጀመረባት ናት። እዚያው አቁምና ቮላኖው ላይ ዲግሪውን አንብብ። ካለፈህ ትንሽ መልሰህ እንዳታነብ! ፓምፑን በሚያዞሩት ጥርሶች መሀል ያለው ልልነት ያታልልሃል፤ ርቀህ ተመለስና እንደገና ና። ዲግሪው ካልገጠመ የፓምፑን መገጣጠሚያ ብሎኖች አላልተህ የፓምፑን ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ትንሽ ብትገፋው ይቀድማል፣ ወደ ኋላ ብትመልሰው ይዘገያል። ቁጥሩን ከራሱ ከሞተሩ ማንዋል ውሰድ እንጂ ከጎረቤት መካኒክ አትቀበል፤ መልካቸው አንድ የሆነ ሞተሮች ቁጥራቸው ይለያያል።

ቆይ ግን። ትላንት ደህና ይጎትት የነበረ መኪና ዛሬ ታይሚንጉ ከመሬት ተነስቶ አይዛባም። ፓምፑ ተፈቶ ካልታሰረ፣ ብሎን ካልላላ፣ ጥርስ ካልተበላ፣ የት ይሄዳል? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "ጭስ አለው?" ብዬ ነው። ጉልበት ጠፍቶ ጥቁር ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፣ ያነሰው አየር ነው፤ የአየር ፊልትሮና የቱርቦ ቱቦ እይ፣ ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝልም ሊሆን ይችላል። ጉልበት ጠፍቶ ጭስም ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም።

የአክስቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። አንድ ሰሞን መኪናው አንድ ሰዓት ደህና ይሄድና ዳገት ላይ ጸጥ ይላል። ትንሽ አረፍ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አንድ ጋራዥ ሁለቴ ታይሚንግ አስተካከሉለት፣ ሁለቴ አስከፈሉት። ስልክ ደወለልኝ።

"ጭስ አለው?"
"ኧረ ምንም።"
"እንግዲያው ሲጠፋ የሰልባቲዮውን፣ የናፍጣ ታንኩን፣ ክዳን ክፈት።"
"ክዳኑማ ተሰርቋል። በካላማዳሪያ፣ በጎማ ውስጥ ባለው ላስቲክ፣ ጥፍንግ አድርጌ ነው ያሰርኩት፣ ጠብታ አያሳልፍም።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ናፍጣ ከሰልባቲዮ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ለዚህ ነው ክዳን ላይ መተንፈሻ ያለው። እሱ አፍኖታል፣ ስለዚህ ፓምፑ የሚስበው ናፍጣ እምቢ ይላል። ዳገቱ ላይ ካላማዳሪያውን ሲፈታው ሰልባቲዮው ስስስስ ብሎ አየር ሳበ፣ በስልክ ሰማሁት። አዲስ ክዳን ገዛ፣ አለቀ።

ሁሉም እንዲህ አይቀልም እርግጥ። ከሰልባቲዮ ወደ ፓምፕ የሚመጣው ቱቦ ከተሰነጠቀ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል፣ አየር ግን ይስባል። ከፊልትሮው በፊት አንድ ክንድ የምታሳይ ፕላስቲክ ቱቦ አስገባና አረፋ ካየህ ያዝከው። ወይ ንጹሕ ናፍጣ በጄሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርገህ በቀጥታ አጠጣው፤ እንዲያ ደህና ከሠራ በሽታው ከሰልባቲዮው በኩል ነው፣ ፓምፑን አትንካ። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከሳተ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ የኖዝል ቱቦዎቹን ተራ በተራ አላላ። ስታላላው ድምፁ የማይለወጠው እሱ ነው ሰነፉ።

ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ አዲስ አበባ 2300 ሜትር ላይ ሲደርስ ትንሽ ጥቁር ጭስ ማሳየቱ ግን በሽታ አይደለም። አየሩ ሩብ ያህል ስለሳሳ ነው። ለዚህ ብሎ ፓምፕ ማስፈታት ገንዘብ መበተን ነው።

ይሄ ሁሉ የድሮው ፓምፕ ወግ ነው። ኮመን ሬል በሚባለው አዲሱ ሲስተም ታይሚንጉን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፣ ከኮሎዶካና ከካምሻፍት (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ሴንሰሮች እያነበበ። በቁልፍ የሚዞር ነገር የለም። ቱቦ እያላሉ መፈተንም እዚያ ላይ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ስለሚሄድ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ብታክልም፣ ባያምም እንኳ፣ እጅን ታጥቦ ወደ ሥራ መመለስ የለም፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።