ትንፋሽ ሲያጥር፦ በአገራችን የሚዘወተሩ መንስኤዎች

የትንፋሽ ማጠር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ከሳንባ፣ ከልብ፣ ከደም ማነስ ወይም ከጉሮሮ ሊነሳ ይችላል። እኛ ጋ ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሁሉ ቶሎ «አስም አለበት» ይባላል። ፓፍ ይገዛለታል። ችግሩ የልብ ሆኖ ሳለ ዓመታት በፓፍ የሚያልፍባቸው ሰዎች አሉ።

በሕፃናት ላይ ግንባር ቀደሙ የሳንባ ምች ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የልጁን ልብስ ገለጥ አድርጋ፣ ደረቱን እያየች ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ልጁ ካለቀሰ ቆጠራው ይበላሻል፤ እስኪረጋጋ ትጠብቃለች። ከሁለት ወር በታች 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። በዚህ ቀላል ቆጠራ ብዙ ልጅ ተርፏል። የሳንባ ምች ዋና አምጪ የሆነውን ኒሞኮከስን የሚከላከለው ክትባትም በ2004 ዓ.ም. በመደበኛው ክትባት ውስጥ ገብቷል። ችግሩ መዘግየት ነው። ዳማከሴ እየተጨመቀ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል፤ ለዚህ ሕመም ደግሞ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ሰፋ አድርጎ ማየት የሚያስፈልገው የልብ ጉዳይ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የልጁን ቶንሲል ያሳምማል። በወጉ ሳይታከም ከቀረ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ በአንዳንድ ልጆች ላይ መገጣጠሚያ የሚያሳብጥ ትኩሳት ይነሳል። ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን ልብ ያጠቃል። የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው በር፣ ይጠባል ወይም ያፈሳል፤ ደም ወደ ሳንባ እየተመለሰ ይጠራቀማል። ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ያቅታል። ቀጥሎ ውሃ ቀድቶ መመለስ፣ ከዚያም በጀርባ መተኛት። ታማሚዋ ትራስ ትደራርባለች፤ ሌሊት ታፍና ትነቃለች፤ እግሯ ያብጣል። ብዙ ሴቶች ሕመማቸውን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ ያኔ የደም መጠን ስለሚጨምር የጠበበው ቫልቭ አይችለውም።

መከላከያው ውድ አይደለም። ቶንሲል በፔኒሲሊን ይታከማል። አንዴ ልባቸው የተነካ ልጆች ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለዓመታት ይወጋሉ። እንጥል ማስቆረጥ ከዚህ በሽታ አያድንም። ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ግን ያጋልጣል።

በዚህ መስክ የዶክተር በላይ አበጋዝ ስም በክብር ይነሳል። ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚሠራውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1989 መሠረቱ። በመጀመሪያ ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ሕዝብ ባዋጣበት ገንዘብ ጭምር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ ተከፈተ። ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው። ቢሆንም ልጆቻችን እዚሁ አገራቸው ልባቸው እየተጠገነ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለሱበት ቤት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አስም ስንመለስ፣ መለያው መጥቶ መሄዱ ነው። ሲር ሲር የሚል ድምፅ አለው፤ ሌሊትና በብርድ ይብሳል። አቧራ፣ ጭስና ጉንፋን ይቀሰቅሱታል። ሳልቡታሞል የተባለው ሰማያዊው ፓፍ ለጊዜው ያስተነፍሳል እንጂ የአየር ቧንቧውን ብግነት አያበርድም፤ ለዚያ በየቀኑ የሚሳብ ሌላ መድኃኒት አለ። ለልጆች የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታች በኩል በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና ፓፉ ይሰካበታል። ልጁ ከጠርሙሱ አፍ ቀስ እያለ ይስባል። መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ከመቅረት ይልቅ ሳንባ ይደርሳል።

ሲጋራ ሳያጨሱ ሳንባቸው የሚጎዳ እናቶች ብዙ ናቸው። ዕድሜ ልክ በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ መጋገር የአየር ቧንቧን ቀስ በቀስ ያጠባል። ጭስ ማውጫ መሥራት ወይም ከቻሉ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ መዞር ይረዳል። በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ግን ሌላ ነው። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ ይገድላል።

ሳንባ ነቀርሳም አለ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ምርመራ ይፈልጋል፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ነፃ ነው። ከወሊድ ወይም ከረጅም የአልጋ ቁራኛነት በኋላ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ በተለይ አንድ እግር ካበጠ፣ የረጋ ደም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ከንፈር ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ ሕፃን መጥባት ካቆመ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ከተሰረጎደ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ባቄላ ወይም ኦቾሎኒ እየበላ ድንገት ትን ያለውና ትንፋሹ የተቀየረ ልጅም እንደዚሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። እስኪደርስ በሽተኛውን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ እንጂ ማስተኛት አይገባም።