የጌቲየር ችግር ምንድን ነው?

«አውቃለሁ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ፈላስፎች ለረጅም ጊዜ የያዙት መልስ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ነገሩ እውነት መሆን አለበት። ሰውየው ሊያምነው ይገባል። ለማመኑም በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። ሐሳቡ ከፕላቶ ጀምሮ ሲነሳ የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን ኤድመንድ ጌቲየር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ባሳተመው የሦስት ገጽ ጽሑፍ አናጋው።

አንደኛው ምሳሌው እንዲህ ይላል። ስሚዝና ጆንስ ለአንድ ሥራ ይወዳደራሉ። የድርጅቱ ኃላፊ፣ የሚቀጠረው ጆንስ መሆኑን ለስሚዝ አረጋግጦለታል። ስሚዝ ደግሞ ጆንስ ኪስ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ቆጥሮ አሥር መሆኑን አይቷል። ስለዚህ «ሥራውን የሚያገኘው ሰው ኪሱ ውስጥ አሥር ሳንቲም አለው» ብሎ ይደመድማል። በኋላ ግን የሚቀጠረው ራሱ ስሚዝ ሆኖ ተገኘ። እሱ ልብ አላለውም እንጂ የራሱም ኪስ ውስጥ አሥር ሳንቲም አለ። ድምዳሜው እውነት ነው፤ አምኖበታል፤ በቂ ምክንያትም ነበረው። ታዲያ ያውቅ ነበር እንበል? በፍጹም። በአጋጣሚ ገጠመለት እንጂ አላወቀም። ችግሩ ይኸው ነው።

ጌቲየር ያኔ ዲትሮይት በሚገኘው ዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ያሳተመው ነገር ስላልነበረ፣ ለሥራ ዋስትናው ሲሉ ጻፍ እያሉ የወተወቱት ባልደረቦቹ ናቸው። በ1967 ወደ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ተዛወረ። ከዚያም ጡረታ እስኪወጣ እዚያው አስተማረ። በ2021 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ብዙም አላሳተመም። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ ግን ምሁርን በገጽ ብዛት መለካት ትክክል አይመስለኝም። ሦስቱ ገጾች ለሌሎች ያተረፉትን ሥራ ማየት ይበቃል።

መጀመሪያ የመጣው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ድምዳሜው በሐሰት ላይ መመሥረት የለበትም የሚል። ስሚዝ የተነሳው «ጆንስ ይቀጠራል» ከሚል ሐሰት ስለሆነ፣ የእሱን ጉዳይ ይፈታል። ግን በ1976 ፈላስፋው አልቪን ጎልድማን ሌላ ምሳሌ አሳተመ። አንድ ሰው በመኪና ሲያልፍ ጎተራ አይቶ «ያ ጎተራ ነው» ይላል። ልክ ነው። ሆኖም በአካባቢው ያሉት ሌሎቹ ከፊት ብቻ ጎተራ የሚመስሉ ባዶ ግድግዳዎች ናቸው። ሰውየው ከሐሰት አልተነሳም፤ የዳነው ግን በዕድል ነው።

ከዚያ ወዲህ ትርጉሙን ለመጠገን ብዙ ተሞክሯል። ሁሉንም ያስማማ የለም። ፈላስፋው ቲሞቲ ዊሊያምሰንማ ከነጭራሹ ጥገናውን ይተወዋል። ለእሱ ዕውቀት ከእምነትና ከምክንያት ተገጣጥሞ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሌላውን የምናስረዳበት መነሻ ነው።