ሐረጉን ሲስቡ

ባለፈው ሰሞን አዳማ ላይ ስልጠና ገብቼ ነበር። አዳማን የሚያውቅ ያውቃታል፤ የከተማዋ ግማሽ ሥራ ስብሰባ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አበሉን ይዞ ይመጣባታል። አሰልጣኙ ወጣት ነው። ሱፉ ልክክ ያለ፣ ማይኩን እንደ ዘፋኝ የያዘ።

«ሐረጉን ሲስቡ ዛፉ ይወዛወዛል!» አለና እጁን ወደ ላይ ወረወረ። «ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሳቡ። አንድ ቀን ትልቁ ሕልማችሁ ይነቃነቃል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ከሥሩም አሰመረችበት። እኔ ቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ።

ያደግኩት አርሲ፣ ከጭላሎ ግርጌ ነው። አጎቴ ጎጆ ሊወጣ ነበርና ቤት ይሠራለት ጀመር። ሚስማር የሚገዛው ለበሩ ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ በሐረግ ይታሰራል፤ ማገሩ ከቋሚው፣ ወራጁ ከማገሩ። ሐረጉ ደግሞ በእርጥቡ መሆን አለበት። ከደረቀ ሊያጥፉት ሲሉ ቀጭ ይላል። ስለዚህ እኛ ልጆቹ በየጠዋቱ ከአያቴ ጋር ጫካ እንወርዳለን።

የሐረግ ነገር እንዲህ ነው። ሥሩን ታገኘዋለህ፤ ጫፉን ግን አታገኘውም። ከመሬት ይነሳና ቁጥቋጦው ውስጥ ይገባል፣ ከሌላ ሐረግ ይጠላለፋል፣ ከዚያ ቅጠሉ መሃል ይጠፋል። አምስት ዛፍ ከፊትህ ቆሟል፤ የትኛው ላይ እንደወጣ በዓይን አይለይም። አያቴ ሥሩን በገጀሞ ይቆርጥና የተቆረጠውን ጫፍ ለእኔ ይሰጠኛል። «ሳብ አድርገው፤ ደግሞ ሐረጉን አትይ፣ ወደ ላይ እይ» ይለኛል።

ሳብ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። እንደገና ስስብ፣ እኔ የጠበቅሁት ዝግባ ጸጥ ብሎ፣ ከበስተጀርባ ያለ አንድ ትልቅ ወይራ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። «አየኸው? እሱ ነው» ይላል አያቴ። ከዚያ ነው ሁላችንም ተረባርበን የምንስበው። ቅጠል ይዘንባል፣ የወፍ ጎጆ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ክንድ የሚያህል የደረቀ ቅርንጫፍ ከነአቧራው ዱብ ይላል። አንድ ቀን የሌላኛውን አጎቴን ልጅ ትከሻውን ብሎት ሳምንት ሙሉ እጁ በነጠላ ታስሮ ከርሟል። ሐረጉን ሲያይ ነበር።

እንግዲህ የተረቱ ትርጉም ለእኔ እዚያው ጫካ ውስጥ ነው። ትንሹን ስትነካ ከማን ጋር እንደተሳሰረ ይታይሃል፤ ያ ትልቅ ነገር ደግሞ እላይህ ላይ ሊወርድ ይችላል። ማጋለጫም ማስጠንቀቂያም ነው። አንዳንዶች የመጣው ከዘር ሐረግ ነው ይላሉ፤ አንዱን ዘመድ ስትነካ ጎሳው ይነሳል ለማለት። እኔ አልቀበልም። ከቤት ሠሪዎች ነው የመጣው ባይ ነኝ። የዘር ሐረግ ይቆጠራል እንጂ መቼ ይሳባል?

ግሱን ራሱን እዩት። «ሐረጉን ሲመዙት» የሚሉም አሉ፤ አይጥመኝም። የሚመዘዘው ሰይፍ ነው፣ ክር ነው፤ ሾልኮ ይወጣል፣ ማንንም አያስነሳም። የሚጎተተው ጆንያ ነው፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሳበ ግን ሌላው ጫፍ መያዙን ይነግርሃል። በሬ ሞፈር ይስባል፤ መሬቱ ደግሞ ይዞታል። ምላጭ ይሳባል፤ ከወዲያ የሚጠብቅ አለ። በመሳብ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ወገን አለ።

ትምህርት ቤት «አበበ በሶ በላ» ስንል በሶ ተሳቢ፣ በላ ማሰሪያ አንቀጽ ተብሎ አልነበር? ሐረግ፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ። ሰዋስው የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የቋንቋ ሊቆቻችን ቤት ሲሠራ ቆመው ያዩ ይመስለኛል። ያው የእኔ ነገር ነው።

ተረቱ በትክክል ሲነገር የሰማሁት ድሮ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ነው። የነዳጅ ኩፖን ጎደለና አንድ ሾፌር ተጠየቀ። ሰውዬውን ከዚያ በፊት ስሙን እንኳ ጠርቶት የማያውቅ አለቃ ሁሉ በማግስቱ አዛኝ ሆነ። «ምስኪን ነው፣ ልጆች አሉት፣ ተውት።» የሒሳብ ክፍሏ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አይ፣ ሐረጉን ሲስቡ...» አሉና ዝም አሉ። አልጨረሱትም። ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ከበላያችን ያለው ፎቅ የአለቆቹ ነበር።

አሁን ግን ተረት ሁሉ ማነቃቂያ ሆነ። በየአዳራሹ፣ በየቲክቶኩ፣ መርዙ ተመጥጦ ስኳር ይነሰነስበታል። አባቶች «ተጠንቀቅ» ያሉትን «ትችላለህ» ብሎ መተርጎም ምን የሚሉት እውቀት ነው? ለነገሩ አዳማ ላይ ሐረግ ከየት ይመጣል? የከተማዋ ስም ራሱ ከቁልቋል ነው ይባላል። እዚያ ተሳቢ ሲባል የጅቡቲ መንገድ ላይ የሚግተለተለው የከባድ መኪና ጭራ ነው ትዝ የሚለው።

ሻይ ሰዓት ላይ አሰልጣኙን ጠጋ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ ሐረግ ስበህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ» ብሎ ሳቀ።

የአያቴን ነገር ነገርኩት። የወይራውን፣ የአጎቴን ልጅ ትከሻ፣ ወደ ላይ ማየትን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ጻፈው፣ አመሰገነኝም። ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ወጣ፣ ማይኩን ነካ ነካ አደረገ።

«ሐረጉን ስትስቡ ቀና በሉ!» አለ። «ሕልማችሁ ያለው ወደ ላይ ነው!»

ጭብጨባው ከጠዋቱ ባሰ።